እትዬን አንቺ አናግሪልኝ

የኔ እህት፣

እንደምን ከርመሻል? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ። አንቺም ብትሆኚ አልደወልሽም አቦ! ስንገናኝ እንወቃቀሳለን፤ አሁን ጉዳይ አለኝ።

ለልጄ ሽማግሌ ተልኮላታል። አዎ፣ ያቺ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ጫማዋን እየጣለች ፍለጋ ላይ የምታውለን! እኔና አባቷ ደስ ብሎናል። ሐረር ያሉት እትዬ ግን "የጨዋ ልጅ አይደለም" ብለው ድርቅ አሉ። ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ ይላሉ። የልጁ አባት ባቡር ጋራዥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አያቱ ለሥራ ድሬ መጣ፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ድሬ ራሷ እኮ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰባት ቤት የሚቆጥር ስንት ሰው ይገኝባታል?

ልጁን ብታዪው። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ተሸካሚ ሽንኩርት በኩንታል ይዞልን መጣ። እኛ "እዚያ ጋ አውርደው" ስንል እሱ ተነሥቶ ከጀርባው ተቀበለው። ውኃ ቀድቶ በሁለት እጁ ሰጠው። ሰውየው ጠጥቶ እስኪጨርስም ቆሞ ጠበቀው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቤ ወዶታል።

እትዬ ጨዋ ሲሉ አያታቸውን ማለታቸው ነው። በ1879 ሐረር ስትያዝ ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው፣ ራስ መኮንን ዘንድ አድረው፣ መሬት ተሰጥቷቸው የቀሩ ወታደር ናቸው። ቃሉ ከነከነኝና መጽሐፍ ሳገላብጥ ከረምኩ። ለካ ጨዋ መጀመሪያ የጦር ስም ኖሯል! በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን ነገሥታቱ በየጠረፉ የሚያሰፍሩት ጭፍራ ጨዋ ይባል ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በባሌም፣ በሐድያም፣ ከአዳል ጋር በሚዋሰነው በደዋሮም አስፍረውታል። የሚያበላው ያገሩ ገበሬ ነው። እየቆየ ስሙ ከሠራዊቱ ወደ ዘር ዞረ፤ ባለ መሬቱ፣ ባሪያ ያልሆነው ሁሉ የጨዋ ልጅ ተባለ። እኛ ዛሬ የምንለው፣ አንደበቱ የታረመና ሰው አክባሪ የሆነው ጨዋ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ከዚያ በፊት ያለውን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። መሪጌታ አባትሽ በዕርገት "ፄዊወከ ፄዋ" ሲሉ እንሰማ አልነበር? ምርኮን ማረክህ ማለት ነው። ጨዋን ከዚሁ ከፄዋ የሚያወጡት ሊቃውንት አሉ፤ ጭፍሮቹ መነሻቸው ከምርኮኛ ነው ይላሉ። ይሄን ሳነብ እንባዬ መጣ። ስንቱ ከአባቱ ቤት ተነጥቆ፣ ዘር ማንዘሩ ተረስቶ ጨዋ ተብሏል! ታዲያ ይሄ ልጅ አያቱ ባይታወቅ ምን ነውር አለው?

አባትሽ ግን ቅኔ ያልገባውን ሁሉ "ጨዋ" ነበር የሚሉት፣ ያልተማረ ለማለት። አንቺን ራስሽን "ይቺ ጨዋ" ሲሉሽ ከንፈርሽን ጥለሽ ጓዳ የምትገቢው ትዝ ይለኛል። አሁንም ታኮርፊያለሽ?

ቆይ... እንዴት ልበልሽ። እትዬን መርታት አልፈልግም። እጃቸው ላይ ነው ያደግሁት። እሳቸው ሳይመርቋት ልጄን ብድራት ሠርጉ አይጥመኝም። አንዳንድ ሌሊት እነቃና፣ ዘመድ ሁሉ እሳቸውን ተከትሎ ቢቀርስ እያልኩ አስባለሁ። ለባለቤቴ እንኳን ያልነገርኩት ነው። ልጄ ደግሞ አታለቅስም፣ ዝም ብላለች። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

እና አንቺ ደውዪላቸው። እኔ ስናገር "ልጅሽ አፍዝዛሽ ነው" ይሉኛል። የመሪጌታ ልጅ ያለችውን ግን ይሰማሉ። ከአያታቸው ጀምሪ፤ በጉልበታቸውና በታማኝነታቸው የተከበሩ ወታደር እንደነበሩ አንሺላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። የምርኮውን ነገር ቶሎ አታውጪው፤ ሆዳቸው ሲለሰልስ ታዪዋለሽ። ልጁም አንድ ቅዳሜ ሐረር ወጥቶ ጉልበታቸውን ስሞ እንዲመለስ ይፍቀዱለት። ካዩት ይበቃል፤ እሳቸው ሰው ማየት ያውቃሉ።

ሽማግሌዎቹ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ እንዳትዘገዪ። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ብትደውዪ ይሻላል። ጆሯቸው ደክሟልና ጮክ በይ። ምን እንዳሉሽ ያንኑ ቀን ንገሪኝ፣ ክፉም ቢሆን።

እህትሽ