በክረምት መውጫ የሚያልፉት ወፎችም ይቆጠሩ

ክቡር አዘጋጅ፦

በአቃቂ ወንዝ ዳርና በአባ ሳሙኤል ግድብ ዙሪያ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ከሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚመጡ ወፎች ያርፋሉ። በየዓመቱ በዚህ ወቅት እየሄድኩ ስለምመለከታቸው፣ ስለ ስደተኛ ወፎች ሲነሣ የክረምቱ መውጫ መዘለሉ በእጅጉ ያሳስበኛል። በብዙ አገሮች በአንድነት የሚካሄደው የውኃ ወፎች ቆጠራ የሚደረገው በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር በመሆኑ፣ የሚመዘገቡት በጋውን እዚሁ የሚያሳልፉት ናቸው። ጥቂት ቀን አርፈውና ተመግበው ወደ ደቡብ የሚያልፉት ግን በዚያ መዝገብ ሊሰፍሩ አይችሉም።

ቀድመው ከሚደርሱት መካከል ሳንድፓይፐር የሚባሉት፣ እግራቸው ቀጭን፣ ምንቃራቸው ረዘም ያለ ወፎች ይገኛሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዉድ ሳንድፓይፐር የሚራባው ከስካንዲኔቪያ እስከ ሳይቤሪያ በተዘረጋው ረግረጋማ ምድር ነው። በነሐሴ የሚታዩት አብዛኞቹ ላባቸው በእርባታው ወራት ያረጀ ወላጆች ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ቆየት ብለው፣ የላባቸው ጠርዝ እንደ አዲስ ጥልፍ ጥርት ብሎ ይመጣሉ። መንገድ የሚያሳያቸው ወላጅ ሳይኖር በረሃና ባሕር አቋርጠው እዚህ መድረሳቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ተርን ከሚባሉት፣ ክንፋቸው ረጅምና ሹል ከሆነ የውኃ ወፎች ደግሞ ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ እስያ የሚራባው ባለ ነጭ ክንፉ ተርን ይታያል። በእርባታ ወቅት ጥቁር የነበረው አካሉ በጉዞው ወራት እየነጣ ስለሚሄድ ዝንጉርጉር ሆኖ ይደርሳል፤ ዓሣ ፍለጋ ወደ ውኃ ከመወርወር ይልቅ ዝቅ ብሎ እየበረረ ነፍሳትን ከውኃው ፊት ይለቅማል፤ ውኃ በተኛበት የመረሬ ማሳ ላይም ያንዣብባል።

ሳንድፓይፐሮቹን የሚያኖራቸው ጭቃው ነው። ዝናቡ ሲቀንስ የሞላው ውኃ ቀስ በቀስ እየሸሸ በትልና በነፍሳት እጭ የተሞላ እርጥብ ዳርቻ ይተዋል፤ ከብት የጋጠው አጭር ሣርም ይመቻቸዋል። ይህን ዳርቻ በአንድ በኩል እምቦጭ ይሸፍነዋል፤ በሌላ በኩል ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣው ቆሻሻ ይበክለዋል። በአዲስ አበባ የተያያዝነው የወንዝ ዳርቻ ልማት ቆሻሻውን ከምንጩ ካስቀረ ለሰውም ለወፎቹም ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ ግንብ አጥሮ ሣር መትከል ብቻ ውብ ዳርቻ ተብሎ እንዳይወሰድ እለምናለሁ። በተለይ ከከተማው በታች ያለው ሜዳ፣ ውኃው እንደ ልማዱ እየሞላና እየጎደለ እንዲኖር ሊተው ይገባል።

ኢትዮጵያ የአፍሪካና የዩሮእስያ ስደተኛ የውኃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀላቅላለች። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን አሰማርተው ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት ቢቆጥሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የርቀት መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና ቦት ጫማ ይበቃል። እረኞቹም በቆጠራው ይካተቱ፤ ወፎቹ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚወርዱ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ጋዜጣችሁም በመጪው ነሐሴ ዘጋቢና ፎቶ አንሺ ወደ ሥፍራው እንዲልክ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአቃቂ