ለፌደራል ንግድ ኮሚሽን፦ የሐሰተኛ የጥይት ዕቃ ሱቆችን የድረ ገጽ አድራሻ ይፋ አድርጉልን

ለተከበራችሁ የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ኃላፊዎች
ዋሽንግተን ዲሲ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ሁለት አንባቢ ስላሰብኩ ነው። አንደኞቹ እናንተ ናችሁ፤ አስተርጓሚ አታጡም። ሌላው እንደኔ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር፣ ቅዳሜ ዒላማ ተኩስ የሚሄድ፣ በአጋዘን ወቅት ጫካ የሚገባ ሐበሻ ነው። ብዙ ነን ባይባልም አለን።

ከኛ መካከል ጥይት በራሱ የሚሞላ አለ። ባዶ ቀለህ አይጣልም። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ገብቶለት እንደገና ጥይት ይሆናል። ለራስ እስከሆነ ድረስ የፌደራል ፈቃድ አይጠየቅበትም። ወጪ ይቀንሳል ይባላል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ያስተኩሳል እንጂ ብዙም አይቆጥብም።

ችግሩ ያለው ፕራይመር ላይ ነው። ከቀለሁ ግርጌ ተቀምጣ ባሩዱን የምትለኩስ ትንሽ ቆብ ናት። ቤት ውስጥ እንደ ቀልድ የምትሠራ አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚታወቁት ስሞች አራት ናቸው፦ ሲሲአይ፣ ፌደራል፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መጣ፣ የጥይት ፈላጊው ቁጥር አሻቀበ፣ ሬሚንግተንም በዚያው ሐምሌ ኪሳራ አወጀ። ከዚያ በፊት 1,000 ፕራይመር ከ30 እስከ 40 ዶላር ይገኝ ነበር። በእጥረቱ ጊዜ ከ100 በላይ የሚጠይቅ ሞላ። ያም ቢሆን አይገኝም።

አጭበርባሪው የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሁሉም መደርደሪያ ባዶ በሆነበት ወቅት፣ ሁሉ ነገር "አለ" የሚል ድረ ገጽ ብቅ ይላል። ዋጋው የድሮው ዋጋ ነው። ፎቶው ከእውነተኛ ሱቅ የተነሳ ነው። ለቀናት ሲፈልግ የሰነበተ ሰው ደግሞ ማመን ይፈልጋል። ገበያው ቢረጋጋም ድረ ገጾቹ አልጠፉም፤ ስማቸውን እየቀየሩ ይመለሳሉ።

እኛ ምልክቶቹን እንለያቸዋለን። ቀድሜ የምነግራችሁ የማጓጓዣውን ነው፤ እስካሁን ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ፕራይመርና ባሩድ በአሜሪካ ፖስታ ቤት መላክ ክልክል ነው። የግል አጓጓዦች ይወስዱታል፣ ግን እንደ አደገኛ ዕቃ ተቆጥሮ፣ በየብስ ብቻ። ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ20 ዶላር የሚበልጥ። ስለዚህ "ፕራይመር በፖስታ ቤት፣ በሁለት ቀን፣ በነጻ" የሚል ሱቅ ወይ ሕግ እየጣሰ ነው፣ ወይ የሚልከው ነገር የለውም። እውነተኞቹም አንዳንዴ ብዙ ለገዛ ሰው ይህን ክፍያ ያነሱለታል። ግን በፖስታ ቤት አይልኩም።

ሁለተኛው ክፍያው ነው። ገጹ ላይ የቪዛና የማስተርካርድ ምልክት ተደርድሯል። ልትከፍል ስትል "ካርድ ለጊዜው አይሠራም፣ በዜል ላክ" ይባላል። ወይ በካሽ አፕ፣ ወይ በቢትኮይን። ዜልና ካሽ አፕ ከሰው ወደ ሰው ገንዘብ በስልክ መላኪያ ናቸው። ይህ የዘፈቀደ ምርጫ አይደለም። በ1974 የወጣው የክሬዲት ሕግ ዕቃው ካልደረሰ ሒሳቡ በመጣ በ60 ቀን ውስጥ እንድንከራከር መብት ይሰጠናል። በዜል የላክነው ላይ ግን ባንኩ "ራስህ ነህ የላክኸው" ብሎ ይዘጋዋል። ከከፈልክ በኋላ ደግሞ ሌላ ኢሜይል ይመጣል፦ የኢንሹራንስ ክፍያ ይቀራል፣ ዕቃው ሲደርስ ይመለሳል። አንድ የማውቀው ሰው ይህንንም ከፍሏል። አልፈርድበትም፤ የመጀመሪያውን ላለማጣት ሲል ነው።

ሌላውን በአጭሩ ልበለው። የድረ ገጹ አድራሻ መቼ እንደተመዘገበ ማንም ማየት ይችላል፤ "ከ1998 ጀምሮ እናገለግላለን" የሚለው ሱቅ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ሲኖረው አይተናል። ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የሚታየው የመቆለፊያ ምልክት ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የሻጩን ሐቀኝነት አያሳይም። የሱቁን አድራሻ ካርታ ላይ ስትፈልጉት የሰው መኖሪያ ቤት ይወጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቃችሁ ከኛ ምን ትፈልጋላችሁ ትሉኝ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃ ሻጭ የፌደራል ፈቃድ ስላለው ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ማጣራት ይቻላል። ፕራይመርና ባሩድ ለመሸጥ ግን ያ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምናመሳክርበት መዝገብ የለንም። በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የኦንላይን ገበያ ሕግም የሻጮችን ማንነት እንዲያጣሩ ያስገደደው ብዙ ሻጭ የሚስተናገድባቸውን ገበያዎች ነው። ለብቻው የቆመ ድረ ገጽ አይነካውም። የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተዳድረው አይካን ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የአድራሻ ሻጮች በፊሺንግ (የይለፍ ቃል ማጥመጃ) እና በማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) ላይ እርምጃ እንዲወስዱ በውል አስሯቸዋል። ዕቃ የማይልክ ሱቅ ግን "የይዘት ጉዳይ" እየተባለ ይታለፋል። በየበሩ "ይህ የኔ አይደለም" ነው።

የቀረነው እናንተ ጋ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ አቤቱታችን ይገባል፣ ከዚያ አይወጣም። የምንልከው ሁሉ ሴንቲኔል በምትሉት ቋት ይጠራቀማል፤ ቋቱን ማየት የሚችሉት ሕግ አስከባሪዎች ብቻ ናቸው። ለሕዝብ የሚደርሰው ድምር ነው። በ2024 ሰዎች በማጭበርበር ከ12.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደተወሰደባቸው ነገራችሁን። ነገ ማታ ዜል ሊልክ ላለ ሰው ይህ ቁጥር ምን ያደርግለታል? እሱ የሚያስፈልገው ከፊቱ ያለው ድረ ገጽ ስም ነው። ያ ስም እናንተ ጋ ተቀምጧል።

ገንዘባችንን አስመልሱልን አልልም። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትጠቀሙበት የነበረውን ዋናውን የማስመለሻ መንገድ እንደዘጋባችሁ አውቃለሁ። የምጠይቀው ቀለል ያለ ነው፣ እናንተም ታውቁበታላችሁ። በማይፈለጉ የስልክ ጥሪዎች ላይ አቤቱታ ሲቀርብ የደወለውን ቁጥር በየሥራ ቀኑ ለሕዝብ ትለቃላችሁ። የስልክ ኩባንያዎችም ይህን እያዩ ያግዳሉ። ይህንኑ ለሱቅ አድራሻዎች አድርጉት። የድረ ገጹ ስም፣ አቤቱታው የቀረበበት ቀን፣ የተጠየቀው የክፍያ መንገድ። የአቤት ባዩ ስም አያስፈልግም።

ተፎካካሪ ሐቀኛ ሱቅን ቢወነጅልስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የስልክ ቁጥሮቹንም ሳታረጋግጡ ነው የምትለቁት፣ ይህንንም እዚያው ጽፋችኋል። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮም በባንኮች ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ለዓመታት በይፋ አውጥቷል፣ ለባንኩም የመልስ ቦታ ሰጥቶ። እውነተኛ ሱቅ መልስ ይሰጣል። የሦስት ሳምንት ሱቅ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኛ ሰው ብዙው አቤት አይልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ በሕግ ይፈቀድለታል፤ ቢሆንም ስሙ ከጥይት ጋር ተያይዞ የመንግሥት ፋይል ውስጥ እንዲገባ አይወድም። አጭበርባሪዎቹ ይህን ያውቃሉ። "ገንዘቤን መልሱ" ያለን ሰው "ሕገ ወጥ ግዢ ብለን ለኤፍቢአይ እንሰጥሃለን" ብለው ያስፈራሩታል። ስለዚህ የአቤቱታ ገጻችሁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ሕጋዊ ዕቃ ገዝቶ የተጭበረበረ ሰው የሚሰጠው መረጃ ስለ ስደተኝነቱ ለመጠየቅ አይውልም የሚል። ይህን ቃል መግባት ካልቻላችሁ ደግሞ፣ ለምን እንደማትችሉ በግልጽ ጻፉልን።

ምላሻችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ቀለህ ለቃሚ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ