ስለ ቢሮው የጻፍሽውን አንብቤ

ለልጄ፣

ለደንበኞች የሚታደለውን የጥብቅና ቢሮአችንን መግለጫ አንብቤዋለሁ። አማርኛሽ ያምራል፤ እኛ ጠበቆች የማንላቀቀውን «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» የሚባል ነገር አለማብዛትሽንም ወድጄዋለሁ። የእኔን ታሪክ የያዘው አንቀጽ ግን ይውጣ። «ከድህነት ተነስቶ በራሱ ጥረት» የሚለውን ሳነብ የማላውቀው ሰው ቀብር ላይ ቆሜ የሕይወት ታሪኩን የምሰማ መሰለኝ። በስልክ ብነግርሽ እንከራከራለን፣ ታሸንፊኝማለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ድህነቱ እውነት ነው። አያትሽ ደብረ ማርቆስ ጠላ እየሸጠች እንዳሳደገችኝ ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ ነገር ቢኖር ድህነታችን በፍርድ ቤት የተረጋገጠ መሆኑን ነው።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ አጎቴ «ቤቱን በገንዘቤ ያሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ ያዘብን። እናቴ ልትከሰው ፈለገች፤ ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ግን ከየት ይምጣ? በአውራጃው ፍርድ ቤት በር ላይ የጽሕፈት መኪና ዘርግተው የሚውሉ አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ሰው፣ «በደሃ ደንብ፣ ዳኝነት ሳትከፍዪ ትከሻለሽ» አሏት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ የሚለውን ማለታቸው ነበር፤ አንቺ ክፍል ውስጥ በግማሽ ሰዓት ያለፍሽው ይመስለኛል። አመልካቹ ያለውን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ ማቅረብ አለበት።

እናም ንብረታችን ተቆጠረ። ሁለት ጋን፣ ሦስት እንስራ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ቁርበት። ጸሐፊው ጨርሰው ወረቀቱን ሊያወጡ ሲሉ እናቴ «የብር መስቀሌን ረሱ» አለቻቸው። እሱ ከተጻፈ ዳኛው ሸጠሽ ክፈዪ ሊሏት እንደሚችሉ አስረዷት። «አንገቴ ላይ እያለ የለኝም ብዬ ልማል?» አለች። ተቆጡ፣ ለመኗት፣ በመጨረሻ ጻፉት። ከታች «የቀረበው በእውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚለው ሰፈረና በጣት አሻራዋ ፈረመች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዛሬ በየክሳችን ግርጌ እናሰፍራታለን። ሳያነባት የሚፈርም ጠበቃ ስንት እንደሆነ ገና ታዪዋለሽ።

ዳኛው ፈቀዱላት፣ መስቀሉም አልተሸጠም። ክሱ ግን እስከ ፍርድ አልደረሰም፤ ሽማግሌዎች ገብተው ቤቱ ለእኛ፣ ጓሮው ለአጎቴ ሆኖ በእርቅ አለቀ። እኔ ግን ከዚያ በር አልራቅኩም። ከትምህርት ቤት መልስ ለጸሐፊው ካርቦንና ቴምብር እገዛለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉት መጥሪያ አነባለሁ፤ በምትገኘው ሳንቲም ደብተር ይገዛል። ባለጉዳይ ነገሩን ከመካከል ጀምሮ ሲያለቅስ እሳቸው እስኪጨርስ ዝም ብለው ሰምተው «አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው» ይሉት ነበር። እኔም ደንበኛ የማነጋግረው እንዲሁ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። ታዲያ «በራሱ ጥረት» የምትይው የቱ ጋ ነው?

የቀረው ብዙም አያጓጓም። አዲስ አበባ መጣሁ፤ ቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ማታ የሕግ ተማሪ ሆንኩ፤ ቀጥሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ፤ ከዚያ የጥብቅና ፈቃድና ልደታ አካባቢ ከሌላ ጠበቃ ጋር የተጋራናት አንዲት ክፍል።

«መሥራችና ባለቤት» የሚለውም ይታረም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 እስኪወጣ ድረስ ጠበቃ የሚሠራው በግል ፈቃዱ ነበር። ኪራይና ጸሐፊ ብንጋራም መዝገቡም ኃላፊነቱም የየራሳችን ነበር፤ አንዱ ሲታመም ደንበኞቹ ሜዳ ላይ ይቀሩ ነበር። በሽርክና የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም የቻልነው በዚህ አዋጅ ነው። ስለዚህ እኔ ሸሪክ ነኝ፤ ሦስቱ ባልደረቦቼም እንደዚሁ። «ባለቤት» የሚለውን ቢያዩ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ፣ በተለይ አንደኛዋ።

«በርካታ ክሶችን በድል» የሚለውንም ሰርዢው። እኔ የምኮራው «አይክሰሱ፤ ከወንድምዎ ጋር ይታረቁ» ብዬ በመለስኳቸው ሰዎች ነው። ይህ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም፣ መግለጫ ላይም አይጻፍም። በምትኩ ለምክር ምን ያህል እንደምናስከፍልና ባለጉዳይ ሲመጣ ምን ምን ሰነድ መያዝ እንዳለበት ጻፊ፤ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ነፃ አገልግሎታችንም ይጠቀስ። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ይላል፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሰዓት ለመሙላት የሚሯሯጡ አሉ። እኛ ረቡዕ ጠዋትን መድበንለታል።

ከመጪው ረቡዕ ጀምሮ ያንን ጠዋት የምትይዢው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የምትመጣው ደመወዟን የተከለከለች የቤት ሠራተኛ ናት፤ የጽሑፍ ውል የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እሷን አይሸፍንምና የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከቁጥር 2601 ጀምሮ አንብበሽ ግቢ። ሲቀጥሯት የነበረ፣ ስትሠራም ያየ ሰው ካለ ስሙን መዝግቢ። ሦስት ሰዓት ላይ ቀጥሬያታለሁ፤ ቀድማሽ እንዳትደርስ።

አባትሽ