ከአገር ቤት በቅርብ ለመጡ ቤተሰቦች፦ ቤት ውስጥ አማርኛ አታቁሙ

ውድ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልን። ዘንድሮ በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ከተመዘገቡት ልጆች ብዙዎቹ ወደ ሜሪላንድ ከመጡ ገና ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቻችሁን ስታደርሱ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም በጽሑፍ ልመልስ ብዬ ነው፦ «እንግሊዝኛው ቶሎ እንዲገባው ቤት ውስጥ አማርኛ ብናቆም ይሻላል?»

አይሻልም። እባካችሁ አታቁሙ።

እንግሊዝኛውን በሳምንት አምስት ቀን ከአስተማሪውና ከእኩዮቹ ይማረዋል። ከእናትና ከአባቱ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ወግ፣ ተረት፣ ምክር፣ ካጠፋም ተግሣጽ፣ አፋችሁን ሞልታችሁ በምትናገሩበት ቋንቋ። ቤት ውስጥ «ለምን?» ብሎ ጠይቆ የተብራራ መልስ የሚያገኝ ልጅ ማሰብና ማስረዳት ለምዶ ነው ክፍል የሚገባው። በማይመቻችሁ እንግሊዝኛ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ብቻ እየተባለ የሚያድግ ልጅ ግን ከእናንተ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ያጣል። ይህ ሲደርስ አይቻለሁ፤ በኋላ መመለሱ በጣም ከባድ ነው።

ልጃችሁ ክፍል ውስጥ ዝም ይላል ቢሏችሁ አትደንግጡ። ትንንሽ ልጆች ለአዲስ ቋንቋ እንግዳ ሲሆኑ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ሳይናገሩ እየሰሙ ይቆያሉ። ትልቅ ሰው ሲናገረው አቀርቅሮ የሚሰማ ልጅ ከሆነም አክብሮት መሆኑን ለአስተማሪው አስረዱ፤ እዚህ ዓይን ዓይን አለማየት እንደ አለማዳመጥ ይቆጠርበታል።

በመንግሥት ትምህርት ቤቱ የምዝገባ ፎርም ላይ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ሲጠይቋችሁ «አማርኛ» ብላችሁ ጻፉ። ልጄን ወደ ኋላ ያስቀሩብኛል ብሎ በመፍራት «እንግሊዝኛ» የሚሞላ ወላጅ ብዙ ነው። ጥያቄው የሚጠየቀው ኢሶል የሚባለው የእንግሊዝኛ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ለመለየት ነው። ድጋፉ መብቱ ነው፤ በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ተማሪዎች ወላጆች ከስሰው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 1974 የፈረደላቸው በዚሁ ጉዳይ ነበር። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና ያላለቀላችሁም አትስጉ፤ ይኸው ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 1982 በሰጠው ሌላ ውሳኔ መሠረት በዚህ ምክንያት ልጅን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መመለስ አይቻልም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ እርሳስ ስትፈልግ ቦርሳዋን ገለበጠችው። የተጨማደዱ ወረቀቶች ወደቁ፦ የወላጅ ስብሰባ ጥሪ፣ የክትባት ማሳሰቢያ፣ ፊርማ የሚጠብቅ የጉብኝት ፈቃድ። ቀናቸው ሁሉ አልፏል። ለምን ለእናቷ እንዳልሰጠቻት ስጠይቃት «እሷ ማንበብ አትችልም፣ እኔም ሁሉም አይገባኝም» አለችኝ። ይህን ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ አንጣል። ትምህርት ቤቱ በምትረዱት ቋንቋ ሊያነጋግራችሁ በሕግ ይገደዳል፤ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም በአማርኛ ያስተረጉማሉ፣ ክፍያ የለውም። ቢሮ ገብታችሁ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ይበቃል። ስለ ልጁ ጠባይ ወይም ውጤት በሚነገርበት ስብሰባ ላይ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ከቋንቋው ወጣ ያለ ቢሆንም ሳልነግራችሁ የማላልፈው አለ። አገር ቤት ልጅ ብቻውን ቢቀር ጎረቤት ያየዋል። በሜሪላንድ ሕግ ግን ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ የሚጠብቀው ሰውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የሌሊት ሽፍት የምትሠሩ ወላጆች ሰው ካጣችሁ አናግሩኝ፤ እርስ በርስ የምትረዳዱበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን።

በሚመጣው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ መምህራኖቻችን ፎርም በመሙላት ይረዷችኋል። ከልጆቻችሁ ቦርሳ የምታገኙትን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ኑ። የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሰነድ ካላችሁም አምጡት፤ በአቆጣጠሩ የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት የተነሣ ልጁ ያለ ዕድሜው ክፍል እንዳይመደብ ቀኑን አብረን እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ