ለትጄ፣ ከገላን ጉራ

ትጄዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጤናሽ፣ ሥራው፣ ማዳምስ ጸባይዋ ተሻለ? ጠፋሽ አትበይኝ፣ ቁጥርሽ ከስልኬ ጋር ነው የሄደው፣ ስልኩ ደግሞ የት እንደገባ ስታነቢ ትደርሺበታለሽ። ይሄንን ቁጥር እህትሽ ናት የሰጠችኝ።

ካዛንችስ መፍረሱን መቼም ሰምተሻል። 2017 መግቢያ ላይ ተነስተን ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ እውነቱን ልንገርሽ ክፉ አይደለም፣ ሽንት ቤቱ የግላችን ነው፣ ግን የሰውዬው ልብስ ስፌት ቀረ፣ እዚህ ዚፕ ቀይርልኝ የሚለው ሰው እንኳን የለም፣ ሲንጀሯ ሳሎን ጥግ ቆማ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆናለች።

አቡሽ ግን ትጄ፣ ያ ጀርባሽ ላይ ያደገው ልጅ አስራ ስድስት ሊሞላው ነው፣ በቁመት አባቱን አልፎታል። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ እኔ ትምህርት ቤት ሄደ ብዬ እፎይ እላለሁ፣ ለካ እሱ በአውቶብስ ዑራኤል ነው የሚሄደው፣ የሰፈር ልጆች የትም የትም ተበትነው የለ፣ እዛ ይቃጠሩና ከዛ ቤቲንግ፣ ከዛ ጫት። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ስከፍት ሽሮው እንዳለ ነው፣ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ የቤቲንግ ትኬት፣ አርሴናል በይው ቼልሲ በይው፣ የማላውቃቸው የቱርክ ቡድኖች ሳይቀሩ። ብቆጣው ምን አለኝ መሰለሽ፣ «ማሚ፣ ከመቶ አምስት ልጅ ለሚያልፍበት ፈተና ነው የምማረው?» የ2016ቱን ማትሪክ ማለቱ ነው፣ 5.4 ከመቶ ነበር ያለፈው፣ እና ምን ልበለው?

ያቺ ከባዷን የአባቱን ካውያ ታስታውሻታለሽ አይደል፣ ለቆራሌው ሸጣት። ሰውዬው አልመታውም፣ አልጮኸበትም፣ ምናለ በጮኸ። ከዛን ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም፣ አንድ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ሚሚን ነው የሚልኳት፣ «ለወንድምሽ ቻርጀሩን አምጣ በዪው»፣ «ለአባትሽ እኔ ጋ የለም በዪው»። የሰባት ዓመት ልጅ መሃል ቆማ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ትዞራለች፣ በቀደም «እማዬ ደከመኝ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ጓደኛ ነው፣ ጫት ነው ይለኛል፣ እናቴ እንጦጦ ጸበል ውሰጂው ብላለች፣ እወስደዋለሁ። ለእኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኮ ሱቅ ነበር የሚውለው፣ ቁልፍ እየሰፋ፣ ከአባቱ ጋር የሚያወሩትም ስለ ደንበኛ፣ ስለ ጨርቅ፣ እዛው ነው። ቤት ውስጥ ምን እንደሚባባሉ ሁለቱም አያውቁትም።

አንቺን ይሰማሻል። ደውዪለት፣ እኔ እንደነገርኩሽ ግን እንዳታነሺ፣ ብር ላኪልኝ ካለሽ እሺ እንዳትዪ፣ ጫማም ቢሆን። ስለ ኳስም ይሁን ብቻ አውሪው። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ነው፣ በቴሌግራም ይሻላል ኢሞ እዚህ ይቆራረጣል። አባቱ አጠገቡ ካለ ደግሞ ስፒከር ላይ አድርገው በዪው።