የቅዳሜው ውይይት፦ መቅድም ወደ ፊልም ሲመጣ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በግሩፑ የቪዲዮ ጥሪ የምንወያየው የፋንታሲ ልብወለዶች መቅድም ፊልም ላይ ምን እንደሚሆን ነው። መነሻችን ከጄ.አር.አር. ቶልኪን መጽሐፍ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፊልም «ዘ ፌሎውሺፕ ኦፍ ዘ ሪንግ» ነው።

የመጽሐፉ መቅድም ሆቢት ስለሚባሉት አጫጭር ሰው መሰል ፍጡራን አኗኗር፣ ስለሚያጨሱት ቅጠል ሳይቀር ያትታል። የፊልሙ ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ግን ጠንቋዩ ጋንዳልፍ በ2ኛው ምዕራፍ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለሆቢቱ ፍሮዶ የሚያወራውን፣ ክፉው ሳውሮን የሠራውን ቀለበት ታሪክ ወደ ፊልሙ መክፈቻ አምጥቶ በሌላዋ ገጸ ባሕርይ በጋላድሪኤል ድምፅ አስተረከው። ስለዚህ ተመልካቹ ቀለበቱን ገና በፍሮዶ ዘመድ በቢልቦ ኪስ ውስጥ ሳለ ይፈራዋል፤ አንባቢው ከፍሮዶ ጋር ቀስ በቀስ የሚደርስበት ድንጋጤ ግን ይቀርበታል። በእኔ እምነት ልውውጡ አዋጥቷል፤ ምክንያቱም ልዑሉ ኢሲልዱር ቀለበቱ ያለበትን የሳውሮንን ጣት ሲቆርጥ በዓይናችን እናያለን። እንዲህ ያለ መክፈቻ የሚበላሸው ተራኪው ፊታቸውን ያላየናቸውን ነገሥታትና አገሮች ስም ሲደረድር ነው።

እስከዚያ መቅድሙንና 2ኛውን ምዕራፍ አንብቡ። የፊልሙን የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ሁለቴ እዩ፤ ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ሳይነገር የማይገባውን እየመዘገባችሁ። ረጅሙ ቅጂ ያላችሁ፣ ቢልቦ ስለ ሆቢቶች እስከሚጽፍበት ትዕይንት ቀጥሉ፤ የመጽሐፉ መቅድም እዚያ ብቅ ይላል።

የምትገኙ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን፤ ለቀጣይ የምትመርጡትንም አንድ ፊልም አብራችሁ ጻፉ።