የእግርህን ልክ ላክልኝ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ዝምታችን ረዘመ፤ ኑሮ አንተን ባሕር ዳር፣ እኔን ዴንቨር ይዞን ቆየ። የዚያን ወሬ ሌላ ቀን እናወጋዋለን። ዛሬ የምጽፍልህ ደስታዬን ከአንተ በቀር በሙሉ የሚረዳልኝ ሰው ስለሌለ ነው። ብስክሌት ሠራሁ! ጎማና ካቴና ገጣጠምኩ ማለቴ አይደለም፤ ፍሬሙን ራሱን፣ ከባዶ ቱቦ ተነሥቼ፣ በቤቴ ጋራዥ ውስጥ በእጄ ሠራሁት።

አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ብየዳ ቤታቸው ደጃፍ ላይ የሚደረደረውን የተሰበረ ብስክሌት ሁሉ ታስታውሳለህ? እርሳቸው የበየዱት ቦታ ፈጽሞ አይላቀቅም ነበር፤ ብረቱ ግን ከወር በኋላ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቅና ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል። «ብየዳው ደህና ነው፤ የደከመው ብረቱ ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነበር። የኤሌክትሪክ ብየዳ ብረቱን ያቀልጠዋል። ለበርና ለመስኮት ቱቦላሬ ይህ ምንም አይደለም፤ የብስክሌት ቱቦ ግን ስስ ነው። በድንገት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ያለው ጠርዝ ባሕርይው ይለወጣል፤ የመንገዱ ንዝረት ሁሉ እዚያች ጠርዝ ላይ እየተጠራቀመ ይሰነጥቃታል።

እኔ የገዛሁት ቱቦ ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ 0.9 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ መሐሉ 0.6 ብቻ ነው። ከውጭ ብታየው ምንም ልዩነት የለውም፤ ውፍረቱ የተደበቀው በውስጥ በኩል ነው። መሐሉን በጥፍርህ ብትመታው እንደ ደወል ይጮኻል። ጫፉ የወፈረው እሳቱ የሚያርፈውም፣ ጫናው የሚበዛውም እዚያ ስለሆነ ነው። ይህን ብልሃት እንግሊዛዊው ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1897 በርሚንግሃም ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ እስከ ዛሬ የተሻለ መላ አልተገኘለትም ብዬ አምናለሁ።

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሞረድ ነው። የአንዱ ቱቦ ጫፍ ከሌላው ሆድ ጋር የሚጋጠመው የዚያኛውን ክብነት ተከትሎ ሲጎደጎድ ነው። ቱቦውን እንዳይጨፈለቅ በእንጨት አቅፌ ሞርሳ ላይ አስረዋለሁ፤ በግማሽ ክብ ሞረድ ጥቂት እሞርዳለሁ፤ ከሌላው ጋር አስጠግቼ ወደ መብራቱ አነሣዋለሁ። ብርሃን ካሳለፈ ተመልሼ እሞርዳለሁ። ብርሃኑ ሲዘጋ ያለውን ደስታ አንተ ታውቀዋለህ።

ከዚያ እሳቱ። ይህን እንድታይልኝ እንዴት እንደ ተመኘሁ! ብረቱ አይቀልጥም። ብረት እንዲቀልጥ 1500 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ እኔ ቱቦዎቹን ለማያያዝ ያቀለጥኩት 56 ከመቶው ብር የሆነ ዘንግ ግን 650 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈስሳል። ቱቦዎቹ ማጋጠሚያ ክርኖች በሚባሉ አጫጭር የብረት እጅጌዎች ውስጥ ይሰካሉ፤ በክርኑና በቱቦው መካከል 0.1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ትቀራለች። ፍላክስ የሚባለውን ነጭ ቅባት ትቀባዋለህ። ሲሞቅ መጀመሪያ ይነፋል፣ ቀጥሎ ይረጋል፣ በመጨረሻ ይጠራል። ሲጠራ ሰዓቱ ደርሷል። ዘንጉን በአንድ በኩል ታስነካለህ፣ ነበልባሉን ወደ ማዶ ታሻግራለህ፤ ብሩ ሙቀቱን ተከትሎ በክፍተቷ ውስጥ ይሄድና በማዶው ጠርዝ ዙሪያውን ብልጭ ይላል። እሳት ካበዛህ ፍላክሱ ይጠቁራል፣ ብሩም አልሄድም ይላል። ስለዚህ ትዕግሥቱ ያለው እሳቱን በማብዛት ሳይሆን በመግራት ላይ ነው። ቱቦዎቹ ላይ አስቀድሞ ትንንሽ ቀዳዳ መብሳትም ያስፈልጋል፤ ውስጥ የታፈነው አየር ሲግል መውጫ ካጣ ብሩን ገፍቶ ያስወጣዋል።

ቀጥታነቱን የሚፈትነው ተራ ክር ነው። ከኋላው ጎማ መያዣ አንዱ ጫፍ ተነሥተህ፣ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረህ፣ ወደ ሌላው ጫፍ ትወጥረዋለህ። ከክሩ እስከ መቀመጫው ቱቦ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። ሰው ብስክሌቱን ሲያይ ቀለሙን ያደንቃል፤ እኔ ያን ክር ነው የማስበው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያኔ በሰዓት እየተከራየን ስንነዳ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አውጥተህ እንኳ ጉልበትህ መሪውን ይነካ ነበር። ለአንተ ቁመት ልክ የሆነ ብስክሌት አንድ ቀን እንኳ አላገኘህም። ቀጣዩን የምሠራው ለአንተ ነው። ጫማህን አውልቅና ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችህ መካከል ወደ ላይ አጥብቀህ ያዝ፤ ትልቁ ልጅህ ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ይለካ። ያንን በ0.65 ሳባዛው የመቀመጫው ቱቦ ርዝመት ይወጣልኛል። የክንድህንና የደረትህን ርዝመት፣ ክብደትህንም ጨምረህ ጻፍልኝ፤ የቱቦውን ውፍረት የምመርጠው በክብደትህ ነው። ደግሞም የምትነዳው በጣና ዳር አስፋልት ላይ ብቻ ነው ወይስ ወደ ገጠሩ የጠጠር መንገድም ትወጣለህ? የምትወጣ ከሆነ የኋላውን ክፍተት ለወፍራም ጎማ አሰፋዋለሁ።

ወንድምህ
ከዴንቨር